ቁርጥማት ከጣት አልፎ ልብ ድረስ፦ የአንባቢያን የጤና ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ በአንድ ሕመም ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ ሩማቶይድ አርትራይተስ በሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት። ስለዚህ ገጹን በሙሉ ለእርሱ ሰጥቼዋለሁ። ደብዳቤዎቹን በጸሐፊዎቹ ፈቃድ አሳጥሬአቸዋለሁ፤ ማንነታቸውን የሚገልጸውንም አውጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ47 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደሴ ከተማ በአንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። የመገጣጠሚያ ሕመም ከጀመረኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ጠዋት የሁለቱም እጆቼ ጣቶች አብጠውና ደርቀው ስለሚያድሩ ጠመኔ መያዝ የምችለው ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው። ሕመሙ ሩማቶይድ መሆኑን በደም ምርመራ ያረጋገጡልኝ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከዚያ በፊት አንድ ክሊኒክ ‹ሩማቲክ ነው› ብሎ በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ አስጀመረኝ፤ እስከ ዛሬ አላቋረጥሁም። ሲብስብኝ ከፋርማሲ ዲክሎፌናክ እገዛለሁ፤ ፕሬድኒሶሎንም በቀን 10 ሚሊ ግራም እወስዳለሁ። ሜቶትሬክሴት ታዝዞልኝ ነበር፤ የካንሰር መድኃኒት ነው ሲሉኝ ፈርቼ ተውሁት። ባለፈው ጥቅምት የእኔው ዓይነት ሕመም የነበረባት የሥራ ባልደረባዬ በድንገት ዐረፈች። ለቅሶ ቤት ‹ልቧ ነው› ሲባል ሰማሁ። የጣት ሕመም ከልብ ጋር ምን ያገናኘዋል? እኔም ሰሞኑን የትምህርት ቤታችንን አቀበት ስወጣ ደረቴን ጨምድዶ ይይዘኛል፤ መንጋጋዬንም ያመኛል፤ ቆም ስል ይለቀኛል። የጎድን አጥንቴ መገጣጠሚያም ታመመ ብዬ ዝም አልሁ። ግፊቴ ፋርማሲ ሲለካ 150 በ95 ነበር፤ ኮሌስትሮልሽ ግን ደህና ነው ብለውኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ መልስ እስኪታተም አልጠበቅሁም። ደብዳቤዎን ባነበብሁበት ቀን በሰጡን ስልክ ደውዬ ‹ነገ ጠዋት ሆስፒታል ይሂዱ› ያልሁዎት ስለ አቀበቱ በጻፉት ምክንያት ነው። ሽቅብ ሲወጡ የሚመጣ፣ ሲቆሙ የሚለቅ፣ መንጋጋ ድረስ የሚዘልቅ የደረት ጭምደዳ የልብ ጡንቻ የሚበቃውን ደም ሲያጣ የሚያሰማው ስሞታ ነው። የጎድን አጥንት ሕመም ጠባዩ ሌላ ነው። ሲጫኑት ያማል፤ ሲያስሉና ሲዞሩ ይወጋል፤ አቀበት ከሜዳ አይለይም። ምርመራውን እንደጀመሩ ስለነገሩኝ ደስ ብሎኛል። ከዚህ በታች የምጽፈው ለእርስዎም፣ ይህንኑ ምልክት ይዞ ዝም ላለ ሌላ ሰውም ነው።

አስቀድሜ የፔኒሲሊኑን ነገር ላንሳ፤ በአገራችን ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነውና። በስም የሚቀራረቡ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች አሉ። አንደኛው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ይይዛል፤ የሚከተለውም በስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ የመጣን የጉሮሮ ሕመም ነው። ጉልበትን፣ ቁርጭምጭሚትን፣ ክርንን እየተዘዋወረ ያሳብጣል፤ መገጣጠሚያውን ሳያበላሽ ያልፋል፤ የልብን በሮች ግን አበላሽቶ ሊሄድ ይችላል። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ለእነዚህ ልጆች ሕይወት አድን ነው። ሁለተኛው የእርስዎ በሽታ ነው። በባክቴሪያ አልመጣም። የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚወጋበት በሽታ ነው፤ ከወንድ ይልቅ ሴትን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ ትንንሽ መገጣጠሚያዎችን በግራም በቀኝም እኩል ይይዛል። ፔኒሲሊን ለዚህ በሽታ ምንም አይፈይድም። ሆኖም መርፌውን ዛሬውኑ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ። በመጀመሪያ ልብዎ በኢኮ፣ ማለትም በልብ አልትራሳውንድ፣ ይታይ። በልጅነትዎ የሩማቲክ ትኩሳት እንዳልነበረብዎ፣ የልብ በሮችም ደህና መሆናቸው ሲረጋገጥ ሐኪምዎ ያስቆምዎታል። በከንቱ የተወጉት መርፌ ራሱ ያን ያህል አልጎዳዎ ይሆናል። የጎዳዎ ‹ታክሜያለሁ› እያሉ ትክክለኛው ሕክምና መዘግየቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። የጣት ሕመም ከልብ ጋር የሚገናኘው በደም በኩል ነው። መገጣጠሚያውን የሚያስቆጡት ኬሚካሎች እዚያው ጣት ውስጥ ታስረው አይቀሩም፤ ከደም ጋር ይዘዋወራሉ። በሄዱበት ሁሉ የደም ቧንቧን የውስጥ ሽፋን ያስቆጡታል። በተቆጣ ሽፋን ላይ ስብ ቶሎ ይጋገራል፤ የተጋገረውም ስብ ልል ሆኖ ይቀራል፤ ድንገት ይሰነጠቅና ደም ይረጋበታል። ይህ የሆነው በልብ ቧንቧ ውስጥ ከሆነ የልብ ጡንቻ ይሞታል፤ በአንጎል ቧንቧ ከሆነ ስትሮክ ይባላል። ይኸው ብግነት የልብን ሽፋን ሊያስቆጣ፣ ከዓመታት በኋላም የልብን የመግፋት ኃይል ሊያዳክም ይችላል።

መጠኑን ልንገርዎ። ብዙ ጥናቶች በአንድነት ሲመረመሩ ሩማቶይድ ያለበት ሰው በልብና በደም ቧንቧ በሽታ የመሞት ዕድሉ ከሌላው ሰው በግማሽ ያህል ይበልጣል። በኔዘርላንድ የተደረገ ጥናት ደግሞ አደጋው ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ካለበት ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። ይህን እስቲ ያስቡት። ስኳር ያለበት ሰው ግፊቱም፣ ኮሌስትሮሉም፣ ኩላሊቱም በየጊዜው ይታያል፤ እንዲታይለት ሁሉም ያውቃል። ሩማቶይድ ያለበት ሰው ግን ጣቱ ታይቶ፣ ጉልበቱ ተነክቶ፣ ማስታገሻ ታዝዞለት ይሸኛል። ለዓመታት በተመላለሰበት ቤት ግፊቱን የለካለት አንድም ሰው የሌለ ታማሚ እኔ ዘንድ ሲመጣ ልቤ ያዝናል፤ መሣሪያው እኮ ከጠረጴዛው ላይ አልጠፋም።

የአውሮፓ የሩማቲክ በሽታዎች ሐኪሞች ማኅበር በዚህ ምክንያት ለሐኪሞች ቀላል መመሪያ አውጥቷል። በተለመደው የልብ አደጋ ማስያ ሰንጠረዥ የተገኘው ቁጥር ሩማቶይድ ላለበት ሰው በ1.5 ይባዛል። ከመቶ 8 የነበረው 12 ይሆናል ማለት ነው። ስሌቱም ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ፣ ዋናው መድኃኒት ሲቀየርም እንደገና እንዲታይ ይመክራሉ። እንደ እርስዎ ምልክት ለጀመረው ሰው ግን ሰንጠረዥ አያስፈልግም፤ በቀጥታ ምርመራና ሕክምና ነው።

‹ኮሌስትሮልሽ ደህና ነው› የተባሉት አያዘናጋዎ። ምርመራው መገጣጠሚያዎ ባበጠበት ሰሞን ከሆነ የተደረገው ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። ብግነት ሲያይል በደም ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ዝቅ ይላል፤ አደጋው ግን ይጨምራል። ብግነቱ በሕክምና ሲረጋ ኮሌስትሮሉ ከፍ ሊል ይችላል፤ ያኔ ብዙ ሰው ‹መድኃኒቱ ስብ አመጣብኝ› ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ ኮሌስትሮል መለካት ያለበት በሽታው በረደበት ጊዜ ነው፤ ካልሆነም ሐኪሙ ያኔ በሽታው ተቀስቅሶ እንደነበረ ያውቅ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የልብ ሕመሙ ለምን ይደበቃል? በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት ታማሚዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ሩማቶይድ ያለባቸው ሰዎች የደረት ሕመም ሳይናገሩ የልብ ጡንቻቸው ተጎድቶ የመገኘቱ ነገር ከሌላው ሰው ይበልጥ እንደሚያጋጥም አሳይተዋል። ምክንያቱን በየቀኑ አየዋለሁ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው አቀበት አይወጣም፤ ስለማይወጣም ልቡ አይፈተንም። ማስታገሻ ስለሚውጥ ስሜቱ ይደነዝዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕመም ስለለመደ አዲስ የመጣውንም በአሮጌው ስም ይጠራዋል። እርስዎም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በሴቶች ላይ ደግሞ የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው በትንፋሽ ማጠር፣ በማቅለሽለሽ፣ በቀዝቃዛ ላብ፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል በሚሰማ ሕመም፣ ወይም ምክንያቱ ባልታወቀ ከባድ ድካም ነው። በእረፍት ላይ ሳሉ የደረት ጭምደዳ መጥቶ ከአሥር ደቂቃ በላይ ካልለቀቀዎ በእግርዎ አይሂዱ፤ አምቡላንስ ይጠራ፤ አምቡላንስ ከዘገየ ያገኙት መኪና ይውሰድዎ። አስፕሪን የማይስማማዎ ወይም የሚደማ የጨጓራ ቁስል ያለብዎ ካልሆነ 300 ሚሊ ግራም አስፕሪን አኝከው ይዋጡ።

ስለ መድኃኒቶችዎ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ታማሚዎቼ ቤታቸው ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው እንዲያመጡ አደርጋለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረገፍ ሦስት ልዩ ልዩ ስም ያለው እሽግ አገኛለሁ፤ ከጀርባው የተጻፈውን ሳነብ ሦስቱም ዲክሎፌናክ ናቸው። ሴትየዋ ሦስት መድኃኒት የምትወስድ መስሏት አንዱን መድኃኒት በሦስት እጥፍ ስትውጥ ኖራለች። ዲክሎፌናክ ሕመም ያስታግሳል፤ የበሽታውን ግስጋሴ ግን አያቆምም። ግፊት ይጨምራል፤ ጨው በሰውነት እንዲቀር ያደርጋል፤ ኩላሊትንና ጨጓራን ይጎዳል፤ የልብ ድንገተኛ ሕመምንም ያባብሳል። ከዚያው ቤተሰብ የሆነው ሮፌኮክሲብ በ2004 እ.ኤ.አ. ከዓለም ገበያ የወጣው በልብ ላይ ባመጣው ጉዳት ነው። የልብ ሕመም ምልክት ላለበት ሰው ዲክሎፌናክ አይሆንም። ለጊዜው ሐኪምዎ ፓራሲታሞል ወይም ሌላ አማራጭ ይሰጥዎታል።

ፕሬድኒሶሎን ደግሞ እጅ ላይ ሳለ ተአምር ይመስላል። ትናንት ጠመኔ ያልያዘ እጅ ዛሬ ይጽፋል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ብዙ ቦታም ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ግፊት፣ ስኳር፣ የአጥንት መሳሳት ይከተላል። ፊት ክብ ይሆንና ጎረቤት ‹ተስማማሽ፣ ወፈርሽ› ይላል፤ ታማሚዋም የዳነች ይመስላታል። በየቀኑ የሚወሰደው መጠን በጨመረ ቁጥር የልብ አደጋውም ይጨምራል፤ ለዚህ ነው ሐኪሞች በተቻለ መጠን በትንሹ መጠንና ለአጭር ጊዜ ይሁን የምንለው። አደራዎን፣ ይህን ጽሑፍ አንብበው በአንድ ቀን እንዳያቆሙት። ለዓመታት የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ሲቆም ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚያቅተው ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል፣ ቀስ እየተባለ ነው።

የተዉት ሜቶትሬክሴት ግን ወዳጅዎ ነበር። ‹የካንሰር መድኃኒት› መባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ለካንሰር የሚሰጠው መጠን ለሩማቶይድ ከሚሰጠው እጅግ ይበልጣል። ለሩማቶይድ የሚሰጠው ከ7.5 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከፎሊክ አሲድ ጋር። በዓለም ላይ ሩማቶይድን ለማከም በመጀመሪያ የሚመረጠው እርሱ ነው። መገጣጠሚያው እንዳይጣመም ያደርጋል፤ የሚወስዱት ሰዎችም በልብ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ይህ የሚሆነው ብግነቱን ስለሚያበርድ ነው። እንዲህ ያለ የመገጣጠሚያ ብግነት የሌለባቸውን የልብ ታማሚዎች በዚሁ መድኃኒት ለመጥቀም የተሞከረበት ትልቅ ጥናት ውጤት ሳያገኝ በ2018 እ.ኤ.አ. ቆሟል፤ ስለዚህ ሜቶትሬክሴት በራሱ የልብ መድኃኒት አይደለም። በየጊዜው የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ሴል ምርመራ ይጠይቃል። ጠላም አረቄም ከእርሱ ጋር አይስማሙም፤ ጉበት ይጎዳልና። በ47 ዓመት እርግዝና አሁንም ሊኖር ስለሚችል ይህንንም ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ ሜቶትሬክሴት ጽንስን ይጎዳል።

ግፊትዎ 150 በ95 መሆኑ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ140 በ90 በላይ በተለያዩ ቀናት ከተደጋገመ የደም ግፊት በሽታ ነው። ከመለካትዎ በፊት አምስት ደቂቃ ቁጭ ይበሉ፤ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ እግርዎን አያነባብሩ። ዲክሎፌናኩ ሲቆም፣ ፕሬድኒሶሎኑም ሲቀንስ ግፊቱ የተወሰነ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ካልሆነ የግፊት መድኃኒት ይጀመርልዎታል። በምግብ በኩል ዋናው ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ በበርበሬውና በሽሮው ውስጥ አስቀድሞ የገባው ጨውም ከዚያ ይቆጠራል።

ሆስፒታል ሲገቡ፣ የልብ ሐኪም ፊት ቢሆንም እንኳ፣ ‹ሩማቶይድ አለብኝ፤ ዘጠኝ ዓመቴ ነው› ብለው ይጀምሩ። ሳይጠየቁ ይናገሩ። የልብ ሐኪሙ ጣትዎን ላያይ ይችላል፤ የመገጣጠሚያ ሐኪሙም ልብዎን ላያዳምጥ ይችላል። ሁለቱን የሚያገናኟቸው እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እናቴ 66 ዓመቷ ነው፤ ሩማቶይድ አለባት፣ ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች። እዚህ ያለው ሐኪም ልቧ ለአደጋ የተጋለጠ ነው ብሎ ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት አዘዘላት። ‹ኮሌስትሮሌ እኮ ያን ያህል አይደለም፤ እኔን የሚያመኝ እጄ ነው፣ መድኃኒት አበዛብኝ› ብላ እሽጉን ሳትከፍት አስቀምጣዋለች። በተጨማሪ ቶፋሲቲኒብ ስለሚባል ክኒን እያወሩ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የልብ ማስጠንቀቂያ አንብቤ ደነገጥሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ ሐኪሟ ከቁጥሩ አልፎ ሰውን አይቷል፤ ደግ አድርጓል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የኮሌስትሮል መመሪያ ሩማቶይድን አደጋ ከሚያጎሉ ሁኔታዎች አንዱ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ይኸውም ቁጥሩ መካከለኛ የሆነን ሰው ‹ስታቲን ይጀምር ወይስ ይቆይ› በሚባልበት ጊዜ ሩማቶይድ ካለበት ሚዛኑ ወደ መጀመሩ ያጋድላል ማለት ነው። ለእናትህ ‹ይህ ክኒን የእጅሽን ሕመም ተከትሎ ለሚመጣው ነው› በላት። እንዲያ ሲነገራቸው የሚቀበሉ እናቶችን አይቻለሁ፤ ዝም ተብሎ እሽግ ሲሰጣቸው ግን የማያውቁትን ክኒን የማይውጡት በምክንያት ነው። ጡንቻዋን አዲስ ሕመም ከተሰማት ለሐኪሟ ትንገር።

ስለ ቶፋሲቲኒብ ያነበብኸው ማስጠንቀቂያ እውነት ነው። ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ፣ ቢያንስ አንድ የልብ አጋላጭ ሁኔታም ባለባቸው የሩማቶይድ ታማሚዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት፣ ከሌላ ዓይነት መድኃኒት ጋር ሲነጻጸር የልብ ሕመምና የካንሰር ክስተት በቶፋሲቲኒብ በኩል በዝቶ አግኝቷል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ2021 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያውን አጠንክሮ፣ በመጀመሪያ ቲኤንኤፍ የሚባለውን የብግነት ኬሚካል የሚገቱት መርፌዎች ተሞክረው ካልሠሩ ወይም ካልተስማሙ ብቻ እንዲሰጥ ወስኗል። እናትህ 66 ዓመቷ ነው። ስለዚህ ‹መርፌው ለምን አልተሞከረም?› ብለህ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አለህ። ልቧ የድካም ምልክት ካለው ግን እነዚያም መርፌዎች ጥንቃቄ ይሻሉ፤ ይህን ሐኪሟ ይመዝን።

አንድ ነገር ልጨምር። በአሜሪካ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ለታማሚው በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አማርኛም ቢሆን በስልክም ሆነ በአካል ይገኛል። ጠይቅላት። እናት ልጇ ፊት ‹ደረቴን ያመኛል› ማለት ይከብዳታል፤ እንዳይደነግጥባት ትደብቃለች። ለአስተርጓሚው ግን ትናገራለች።

ጥያቄ፦ የ38 ዓመት ሹፌር ነኝ፣ ከድሬዳዋ። ሩማቶይድ አለብህ ተብያለሁ። ለረጅም መንገድ ዲክሎፌናክ እየተወጋሁ፣ ጫት እየቃምሁና ሲጋራ እያጨስሁ ነው የምሠራው። ገና ወጣት ነኝ፤ የልብ ነገር ያሳስበኛል?

መልስ፦ ያሳስብሃል፣ ወንድሜ። ሲጋራ የልብን ቧንቧ ብቻ ሳይሆን ሩማቶይዱን ራሱን ያባብሳል፤ በሽታው እንዲነሳ ከሚያደርጉት ነገሮችም አንዱ ነው፤ ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው የሩማቶይድ መድኃኒቶችም እንደሚገባ አይሠሩም። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል፤ የልብን ቧንቧ ሊያኮማትር ስለሚችል በወጣት ቃሚዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም ይታያል። ዲክሎፌናኩን በላዩ ስትጨምርበት ሦስቱ በአንድ ልብ ላይ ያርፋሉ። ከሦስቱ አስቀድሞ ሲጋራው ይቁም፤ በልብህም በመገጣጠሚያህም ትርፍ ስላለው። መርፌውን ደግሞ በበሽታው ላይ በሚሠራ መድኃኒት ለመተካት ሐኪም ዘንድ ግባ። ጫቱን በአንድ ጊዜ መተው ካልቻልህ መንገድ ላይ በምትሆንበት ቀን አትቃም፤ ያም ለአንተ ብቻ ሳይሆን ለተሳፋሪዎችህ ነው። መሪ ይዘህ ሳለ ደረትህን ከጨመደደህ ወይም ግራ እጅህ ከደነዘዘ ዳር ይዘህ ቁም፤ ‹እስከ አዋሽ ልድረስ› አትበል።

ጥያቄ፦ የ58 ዓመት ሴት ነኝ፣ አዲስ አበባ። ለሩማቶይድ ሜቶትሬክሴትና ፕሬድኒሶሎን፣ ለግፊትም ሁለት ዓይነት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ አንዱ ሽንት የሚያበዛ ነው። ዓቢይ ጾምን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም እፈልጋለሁ። ልቤንስ ይጎዳዋል?

መልስ፦ የጾም ምግብ ለልብ የሚስማማ ነው። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ቅቤና ሥጋ የሌለበት ሃምሳ አምስት ቀን ለደም ቧንቧ እረፍት ነው፤ ዘይቱና ጨው ካልበዛበት። በዘይት የሚዋኝ ወጥና ከበዓል ማግስት የሚመጣው የክትፎና የዶሮ ወጥ ጎርፍ ነው የሚያሳስበኝ።

ሰዓቱ ግን ከመድኃኒትዎ ጋር ይጋጫል። ፕሬድኒሶሎን የሚወሰደው ጠዋት፣ ከምግብ ጋር ነው፤ ሊዘለል ቀርቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊዘገይም አይገባውም። ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት ደግሞ ውኃ ሳይጠጡ ከዋሉ ኩላሊትን ያደርቃል፤ በላዩ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከተጨመረ ኩላሊት በጥቂት ቀን ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ምክሬ ጥሉላቱን ጾመው ሰዓቱን እንዲተዉ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ያላትን ርኅራኄ ያውቁታል፤ የንስሐ አባትዎን ሄደው ያናግሩ፣ የመድኃኒቱንም ዝርዝር ይዘው ይሂዱ። እኔ ካነጋገርኋቸው ካህናት ‹መድኃኒትሽን ተዪ› ያለ አላጋጠመኝም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ግፊትዎን፣ ስኳርዎንና ኩላሊትዎን ያስለኩ፤ በመካከሉም አንድ ጊዜ ግፊትዎ ይታይ።

ሜቶትሬክሴቱ ለማስተካከል የሚቀል ነው። በሳምንት አንድ ቀን ስለሆነ ቅዳሜ ወይም እሁድ ማታ ያድርጉት፤ በዓቢይ ጾም ከቀዳም ሥዑር በቀር በእነዚህ ቀናት ሰዓት አይጾምም፤ ምግብ በልተው ሊወስዱት ይችላሉ። ፎሊክ አሲዱን በሌላ ቀን ይዋጡ። አሁን የሚወስዱበት ቀን ሌላ ከሆነ ወደ አዲሱ ቀን ሲያዛውሩ በሁለቱ መካከል ከሰባት ቀን ያላነሰ ይቆይ። ሁለት ጊዜ በአንድ ሳምንት፣ ይልቁንም በየቀኑ መዋጥ የደም ሴሎችን ጨርሶ ሊገድል ይችላል። የቀኑን ስም በእሽጉ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉት፤ ቤት ውስጥ መድኃኒት የሚያቀብልዎ ልጅ ካለም ለእርሱም ያሳዩት።